መጨረሻ ላይ የተቀበለው ማን ነው

ከባሕሩ ተርፌ ከመጣሁ ወዲህ ረግቼ መቀመጥ አልችልም። ከደሴ ኮምቦልቻ በሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ሾፌሩ በየመጠምዘዣው መሪውን ባጠፈ ቁጥር የፊቴን ወንበር ጨምድጄ እይዛለሁ። አጠገቤ ያሉት አዛውንት ታዘቡኝና «ምን ሆነሻል ልጄ? ረጋ በይ እንጂ» አሉኝ። ከየት አምጥቼ ልርጋ! የምሄደው የማሲንቆ መቺው ጓደኛዬ እናት ዘንድ ነው። ልጅዎ ባሕር ላይ ቀረ ብለው ቀድመው አርድተዋቸዋል። እሳቸው ግን ድንኳን ተጥሎ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ልቅሶ አልቀመጥም ብለው ቆመዋል አሉ። «አብራው የነበረችው ትምጣ፤ ከዚያ አለቅሳለሁ» ብለዋል።

እኔና እሱ ፒያሳ አንድ የአዝማሪ ቤት ነበር የምንሠራው። እሱ እየመታ ዘፈኑን ያወጣል፣ እኔ እቀበላለሁ። ቤቱ ሲዘጋ ሳዑዲ እንሂድ አለኝ፤ እሺ አልኩት። ማሲንቆውን ተወው ብዬ ብለምነው አሻፈረኝ አለ። በነጠላ ጠቅልሎ ያንን በረሃ ሁሉ ተሸክሞት ሄደ። ሰው ሁሉ ሳቀበት፣ እኔም ሳቅኩበት።

ከጅቡቲ የተሳፈርንባት ጀልባ ባሕሩ መሐል ሞተሯ ጠፋ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ ከሥር ውሃ መግባት ጀመረ። ሰው ተነሣ። ነጂው «ቁጭ በሉ! ከቆማችሁ ትገለበጣለች!» እያለ ይጮኻል፣ ማን ሊሰማው! ያኔ የኔ ጉድ ማሲንቆውን ከነጠላው ፈታ።

«አበድክ እንዴ?» አልኩት።

«ተቀበዪ» አለኝ፣ ሌላ ነገር የለም።

ታዲያ ምን ቢመታ ጥሩ ነው? ፒያሳ ቤቱን የሚያሞቅበትን ጭፈራ! ጀልባዋ ላይ ያለው አብዛኛው የወሎ ሰው ነው፤ ወሎዬ ደግሞ ምት ሰምቶ ትከሻው አያርፍም። በዚያ ጭንቅ ላይ ትከሻ መነቅነቅ ሲጀመር ጀልባዋ ወዲህ ወዲያ አለች። «ልትጨርሰን ነው አንተ ሰውዬ!» ብለው ጮኹበት። ደነገጠና ለወጠው። መንዙማ ጀመረ፤ ኮምቦልቻ ከሙስሊም ጎረቤቶቹ ጋር ሲቀበል ያደገውን። ክርስቲያን ነው፣ መንዙማውን ግን አሳምሮ ያውቃል። መንዙማ ደግሞ ተረጋግተው፣ ተቀምጠው የሚቀበሉት ነው። ሰው አንድ በአንድ ቁጭ አለ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እያጨበጨበ ተቀበለ፤ የሚያለቅሱትም እያለቀሱ ተቀበሉ። ቆዳው ረጥቦ ማሲንቆው ድምፅ ሲያጣ የውሃ ጀሪካን እየደበደበ ቀጠለ።

ዓሣ አጥማጆች ደረሱልን። ሰው ግር ብሎ ከተነሣ ማለቃችን ነው፤ ስለዚህ አንድ አንዱን እያነሡ ወደ እነሱ ጀልባ ሲያሻግሩ፣ የቀረውን የሚያስቀምጠው የሱ ድምፅ ነበር። ተራዬ ሲደርስ አልሄድም አልኩ። ገፋኝ። «ሂጂ፣ እዚያ ሆነሽ ትቀበዪኛለሽ» አለኝ።

ተሻገርኩ። ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ተቀበልኩት። ጥቂት ሰዎች ሲቀሩ ማዕበል መጣና ጀልባዋን ደፋት። ሌሎቹን ጎትተው አወጡ፤ እሱን አላገኘነውም። እኔ ግን ማቆም አቃተኝ፣ የሚያወጣ ሳይኖር ብቻዬን እቀበል ነበር። አንዷ ሴት አፌን በእጇ ከደነችው።

ይኸው ኮምቦልቻ ደረስኩ። እናቱ እውነትም ቆመዋል። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«መጨረሻ ላይ የተቀበለው ማን ነው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ እማማ።»

«ሰምቶሻል?»

ነፋስ ነበር፣ ጩኸት ነበር። «አላውቅም እማማ» አልኩና እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ይህ ነው ቀንም ሌትም የሚያንቆራጥጠኝ።

ትክ ብለው አዩኝ። «አውጪው እስቲ» አሉ። «ሙሾ አይደለም። ያንኑ፣ ልጄ ያወጣውን።»

በክርስቲያን ልቅሶ መንዙማ! ሴቶቹ ተያዩ፣ ቄሱ ቀና አሉ። አወጣሁ። የሚቀበለኝ ጠፋ። ያኔ እናቱ መሬት ላይ ቁጭ አሉና፣ እያጨበጨቡ ተቀበሉኝ።