አርፎ የመቀመጥ ነገር

ጸጉር ሠሪዋን ሰፈሩ ሁሉ እንዝርት ነው የሚላት። ስም ያወጣላት ሰው አልተሳሳተም። አንዷን ታጥባለች፣ አንዷን በቢጉዲ ትጠቀልላለች፣ የሦስተኛዋን ጫፍ ትቆርጣለች፤ በዚህ መሀል ስልክ ታነሣለች፣ በበሩ ከሚያልፍ ሰው ጋር ትቀላለዳለች፣ ማበጠሪያውን ጸጉሯ ውስጥ ሰክታ «ማበጠሪያዬን ማን ወሰደ?» ብላ ቤቱን ታምሳለች። እጇ ግን ወርቅ ነው። ሙሽሮች ከሌላ ሰፈር ድረስ እሷን ብለው ይመጣሉ። ቁጭ ብላ አየኋት የምትል ደንበኛ ካለች ውሸቷን ነው።

ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሁለት መስታወት፣ አንድ መታጠቢያ፣ ሲሞቅ የሚያቃስት አንድ አሮጌ የጸጉር ማድረቂያ ካስክ። በመስኮቱ በኩል ሹሩባ ሠሪዋ ትቀመጣለች። በዕድሜ ትበልጣታለችና እንዝርት «እትዬ» ነው የምትላት። እትዬ በልጅነቷ በያዛት በሽታ አንድ እግሯ ሰልሏል፤ ክራንቿን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ እንዝርት በልኳ ባሠራችላት ወንበር ላይ ሆና ነው የምትሠራው። በፈንታው ደግሞ ሰዓት መጠበቅ የእትዬ ድርሻ ነው። እንዝርት ካስክ ውስጥ ያስገባቻትን ሴት ረስታ ገበያ ልትወጣ የምትችል ሰው ናት። ስለዚህ ቀለም የተቀባ ወይም ካስክ የገባ ራስ ሁሉ ሰዓቱ ሲሞላ እትዬ ከወንበሯ ሳትነሣ «ደረሰ!» ትላለች፤ እንዝርትም የያዘችውን ጥላ ትሮጣለች። እንዲህ ሆነው ዓመታት አብረው ሲሠሩ አንድም ራስ ተበላሽቶባቸው አያውቅም።

እንዝርት አንዲት ልጅ አለቻት፤ ስምንት ዓመቷ ነው። እናቲቱ እንዝርት ከተባለች ልጅቷ ምን ልትባል ነው? ፌንጣ ተባለች። ፌንጣ ከትምህርት ቤት የምትመለሰው ግማሽ እርሳስና ሙሉ ወሬ ይዛ ነው። ብልህ ናት፤ ሒሳብ በቃል ሲጠይቋት ጥያቄው ሳያልቅ ትመልሳለች። ባለፈው ዓመት ግን የማጠቃለያ ፈተናዋን ግማሹን ሠርታ፣ መስኮቱ ላይ ያረፈች ወፍ ልታይ ተነሣችና በዚያው ቀረች። ክፍሉን ደገመች። ዘንድሮም ፈተናው ደርሷል፤ ዳግመኛ ከወደቀች ጓደኞቿ ሁሉ ጥለዋት መሄዳቸው ነው። ልጅቷ ካሁኑ «ትምህርት አልወድም» ማለት ጀምራለች። እንዝርትን እንቅልፍ የነሳት ይህ ነው፤ በዚሁ ሰበብ ሐኪም ዘንድ ወስዳ አስመርምራታለች።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የፌንጣ አስተማሪ መጣች። የቆየች ደንበኛ ናት። ለጸጉሯ የፈለገችው ከግንባሯ በኩል ትንሽ ቡናማ መስመር ነበር። እንዝርት ቀለም ማንሻውን በጥብጣ፣ ቀብታ፣ በላስቲክ ሸፍና ስታበቃ አስተማሪዋ በመስታወቱ ውስጥ አየቻት።

«ሐኪሙ ያለውን ሰማሁ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ትኩረት ማጣትና መቅበጥበጥ ነው አይደል? እኔም ጠርጥሬ ነበር። ስሚኝማ፣ እንደ አካል ጉዳተኛ ተቆጥራ ብትፈተን ለብቻዋ ክፍል ይሰጣታል፣ ሰዓት ይጨመርላታል፣ መሀል ላይ ተነሥታ ዞር ዞር ማለት ትችላለች። የቀረው ያንቺ እሺታ ነው።»

የእንዝርት እጅ ቆመ። የእንዝርት እጅ ቆመ ማለት ጉድ ፈላ ማለት ነው።

«አካል ጉዳተኛ? ልጄ? ኧረ ቲቸር እግዜርን ፍሪ! ምኗ ጎደለ? እግር አላት፣ ዓይን አላት፣ ምላስማ የሁለት ሰው አላት! ልጅ አይሮጥም እንዴ?»

«መሮጧ አይደለም ችግሩ» አለች አስተማሪዋ። «ልቁም ስትል መቆም አለመቻሏ ነው። ትሞክራለች እኮ! ከንፈሯን ነክሳ፣ ወንበሩን በሁለት እጇ ጨብጣ ስትታገል ነው የማያት።»

ካስክ የገባች ሴት ሰው ሁሉ የማይሰማት ይመስላታልና አንዲት ደንበኛም ከካስኩ ሥር ጮኸች። «የኛ ጊዜ በአለንጋ ነበር የሚድነው! የኔ ልጅ ይኸው ዛሬ መሐንዲስ ነው!»

«ስንቱ ደግሞ አለንጋውን ሸሽቶ ትምህርቱን ጣለ?» ብላ አስተማሪዋ መለሰችላት፤ ግን ካስኩ ያቃስት ስለነበር አልሰማቻትም።

እንዝርት ነገሩ አናቷ ላይ ወጥቶ ነበር። «ትድገም ካሉ ትድገም! ከአካል ጉዳተኛ ጋር ከምታስቆጥሪብኝ እዚያው ክፍል ትሸብት! እንዲህ ተብላ ማን ያገባታል? ማን ሰው ይላታል?»

ከአፍ የወጣ አፋፍ። በመስኮቱ በኩል የእትዬ ጣቶች ሹሩባው ላይ ለአፍታ ቆም አሉ፤ ከዚያ ሥራቸውን ቀጠሉ። እንዝርት አላየችም። እየተንጨረጨረች ፎጣዎቹን ሰብስባ ወደ ጓሮ ወጣች፤ ስታሰጣ ጎረቤቷን አገኘች፤ ከሀ እስከ ፐ አወራችላት። ተመልሳ ስትገባ ደግሞ ሌላ ራስ ይዛ መቁረጥ ጀመረች። አስተማሪዋ መጽሔት ላይ አቀርቅራለች። «ደረሰ!» ያለ የለም።

«ራሴን ምነው አቃጠለኝ?» አለች በመጨረሻ አስተማሪዋ።

እንዝርት ላስቲኩን ገለጥ አድርጋ «ወይኔ ጉዴ!» አለች። ጎትታ መታጠቢያው ላይ አስደፋቻት። ውሃው ሲወርድ ቡናማ ይሆናል የተባለው መስመር ካሮት ሆኖ ብቅ አለ።

«እትዬ! ምነው ዝም አልሽኝ?»

«ለምን ልጥራሽ?» አለች እትዬ ዓይኗን ከሹሩባው ሳታነሣ። «ምንሽ ጎደለና? ዓይን አለሽ፣ ግድግዳው ላይ ሰዓት አለ። እኔን ግን ሰው አግብቶኛል፤ ሦስት ወልጃለሁ። ሰውም ይለኛል። እስከ ዛሬ አንቺም የምትይኝ መስሎኝ ነበር።»

እንዝርት አፈረች፤ እውነተኛ እፍረት፣ ከአንገት እስከ ጆሮ የሚያግል። እትዬ ያለ ወንበሯ መሥራት እንደማትችል ሁልጊዜ ታውቃለች፤ እሷ ራሷ ያለ እትዬ አንድ ራስ እንኳ በደህና እንደማታወጣ ግን ያወቀችው አሁን፣ በካሮቱ ፊት ነው። ሄዳ እትዬ እግር ሥር ተንበረከከች።

«እትዬ፣ በድዬሻለሁ። ሞኝ ነኝ፣ ይቅር በይኝ።»

«ተነሽ ባክሽ፣ ቀሚስሽ ጸጉር ለቀመ» አለች እትዬ፤ ፊቷ ግን ፈታ አለ። «እኔን ቃሉ አልጎዳኝም። የጎዱኝ ቃሉን ፈርተው ቤት ያስቀመጡኝ ናቸው። እኩዮቼ ትምህርት ሲጨርሱ ነው አንደኛ ክፍል የገባሁት። ልጅቷን እንዲህ አታድርጊያት።»

አስተማሪዋ ፎጣዋን ከትከሻዋ እንዳደረገች መስታወቱ ፊት ቆማ ራሷን ግራና ቀኝ እያዞረች አየች።

«መቼስ ሰኞ» አለች «ክፍሌ ውስጥ ትኩረት የሚያጣ ተማሪ አይኖርም።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ካስክ ውስጥ ያለችው ብቻ «ምን አለች? ምን አለች?» እያለች ጮኸች። እንዝርት እየሳቀች፣ እንባዋንም እየጠረገች ጥቁር ቀለም በጠበጠች። ብሩሹን ስታነሣ «ለብቻዋ ትፈተን» አለች። «የፈለጋችሁትን በሏት፣ ብቻ አሳልፏት።»

ከሰዓት በኋላ ፌንጣ እየዘለለች ስትመጣ እናቷ ጸጉር እየጠረገች ነበር። ምን ብላ እንደምትነግራት ቀኑን ሙሉ ስታስብ ውላለች።

«ነይ ወዲህ የኔ እናት» አለቻት። «ሐኪሙ ያየሽ ጊዜ ያለውን ልንገርሽ። አርፎ መቀመጥ የሚያቅትሽ ሆን ብለሽ አይደለም፤ ሰውነትሽ እንዲህ ሆኖ ስለተፈጠረ ነው። ጉዳት ይሉታል። ጉዳት ያለበት ልጅ ደግሞ ያግዙታል። ስለዚህ አንቺም ለብቻሽ ክፍል ውስጥ፣ በቂ ሰዓት ተሰጥቶሽ ነው የምትፈተኚው። ከፋሽ?»

ፌንጣ አልከፋትም። ሌላ ነገር ነበር የያዛት። «ባለጌ ስለሆንኩ አይደለም ማለት ነው?»

«ማነው ባለጌ ያለሽ?»

«ሁሉም ሰው» አለች ፌንጣ፤ ትንሽ ቆይታም «አንቺም» አለች።

እንዝርት መጥረጊያውን ጥላ አቀፈቻት። «ጉዳት» በሚለው ቃል ስትሳቀቅ የዋለችው እናቷ ናት እንጂ ልጅቷማ ከዚያ የከፋውን ስም ለብሳ ነው የኖረችው። ልቧ ተነካ፤ እንባዋ በልጇ ትከሻ ላይ ወረደ።

«አይደለሽም» አለቻት። «ባለጌ አይደለሽም፤ ተሳስቼ ነው።»

«ሌሎቹስ?»

«እነሱም ተሳስተዋል።»

ፌንጣ ከእናቷ ክንድ ወጥታ፣ እጇን ይዛ ወደ በሩ ጎተተቻት።

«በይ ተነሽ» አለች፤ «ሄደን እንንገራቸው።»