የማህሌት ዘይት

ሽንኩርት ትኩስ ዘይት ላይ ሲወድቅ ቸስ የሚለውን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር፣ ደክሞኝም ቢሆን ልቤ ክፍለ ሀገር፣ ከተማችን አራዳ ውስጥ ወዳለው የልጅነት ቤታችን ይሄዳል። በሰፈሩ ቴሌቪዥን የነበረው እኛ ቤት ብቻ ስለነበር፣ አመሻሽ ላይ ጎረቤቱ ሁሉ በርጩማውን ይዞ ይመጣ ነበር። አባቴ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴናውን እያዞረ «መጣ?» ሲል፣ እኛ ከታች «ሄደ! ሄደ!» እያልን እንጮህ ነበር። ማስታወቂያ ሲመጣማ ማን ያየዋል? የወሬ ሰዓት ነበር።

አንድ የሁዳዴ ጾም ምሽት ግን ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ ከመቀመጫቸው ተነስተው «ልጄ! ልጄ እኮ ናት!» ብለው ጮኹ። እውነትም ማህሌት ነበረች፤ የዘይት ማስታወቂያ ላይ ሽንኩርቱን ዘይት ውስጥ ጨምራ ትስቃለች። ባለፈው ዓመት ከአባቷ ተጣልታ አዲስ አበባ ከገባች ወዲህ ድምጿም አልተሰማም ነበር። አባቷ፣ የኔታ የምንላቸው፣ በደብር የሚያገለግሉ የዜማ መምህር ናቸው፤ «ከእንግዲህ ስሟ በዚህ ቤት አይነሳ» ብለው ስለነበር፣ እትዬ ጥሩነሽ ልጃቸውን የሚያዩት እኛ ቤት፣ ያችን አጭር ማስታወቂያ ጠብቀው ብቻ ሆነ። ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ ደንብ ተገለበጠ፤ ድራማው ሲጀምር ወሬ፣ ማስታወቂያው ሲመጣ ጸጥታ። «ዝም በሉ፣ ማህሌት መጣች!» እንባባል ነበር።

ማን እንደነገራቸው እንጃ፣ እትዬ ጥሩነሽ ዘይቱ ካልተሸጠ ልጄን ከማስታወቂያው ያነሷታል የሚል ስጋት ገባቸው። ቤት ለቤት እየዞሩ «እባካችሁ፣ ይችኑ ዘይት ግዙልኝ» እያሉ ይለምኑ ጀመር። እናቴ «ይኸ እንደሁ አረፋ ብቻ ነው» እያለች ትነጫነጭና፣ «ምን ላድርግ፣ የእናት አንጀት ነው» ብላ ትገዛ ነበር። ጾሙ ሲፈታም አልተዉንም፤ በፋሲካ ዶሮ ወጥ ላይ ቅቤውን ትቶ ዘይት የጨመረ ሰፈር ቢኖር የእኛ ብቻ ነው። እግዜር ያሳያችሁ፣ ያን ወጥ በላነው!

ክረምት ሲገባ የኔታ ሚስታቸውን ሊወስዱ ነው በሚል ሰበብ ጃንጥላቸውን ይዘው እደጃፋችን ይቆሙ ጀመር። አባቴ «ግቡ እንጂ የኔታ፣ ዝናቡ እኮ መታዎት» ሲላቸው፣ «የለም፣ ጥሩነሽን ልወስድ ነው» ይላሉ፤ ነገር ግን ማስታወቂያው ሳያልፍ አይጠሯቸውም ነበር። አንድ ቀን ታዲያ እዚያው እንደቆሙ «ከስታለች፤ ምነው፣ አትበላም እንዴ?» አሉ። እትዬ ጥሩነሽ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው አለቀሱ፤ እኔም አብሬ አለቀስሁ።

መስቀል ካለፈ በኋላ በማህሌት ቦታ ሌላ ማስታወቂያ መጣ። ከእኛ ግን አንድ ዘይት በሌላ ይተካል ብሎ ማን አሰበ? በማግስቱ የኔታ ለመጀመሪያ ጊዜ ገብተው ተቀመጡ፤ ዜናውም ድራማውም አለቀ፣ ማህሌት አልመጣችም። ወደ አባቴ ዞረው ቀስ ብለው «እስቲ ልጄ፣ አንቴናውን ትንሽ አዙረው» አሉት። አባቴ እንደማይጠቅም እያወቀ ጣሪያ ላይ ወጣ፤ ብዙ ቆይቶም ወረደ። ከዚያ በኋላ የኔታ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሁሉ «አባትሽ ታርቆሻል፣ ነይ በሏት» ብለው ይልኩ ነበር። የት እንደገባች የሚያውቅ ግን አልተገኘም። እሳቸውም እትዬ ጥሩነሽም ሳያገኟት አረፉ።

እኔ ዛሬ የምተዳደረው በስልክ የሚታይ ማስታወቂያ በመሸጥ ነው። ደንበኞቼ «ስንት ሰው አየው?» እያሉ ያደርቁኛል፤ ስልኩ የሚያሳየኝን የተመልካች ቁጥር እነግራቸዋለሁ፣ ያን ቁጥር መናገር ራሱ ሰለቸኝ። ያን ጊዜ አንድ ቴሌቪዥን ፊት ሰፈር ሙሉ ሰው፣ ደጅ ላይ የቆመውን ጨምሮ፣ አንዲት ልጅ ላይ ዓይኑን ተክሎ ይቀመጥ ነበር። ዛሬ እኛ ቤት ባሌ በስልኩ፣ ልጄ በስልኳ፣ እኔም በስልኬ፣ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠን የየራሳችንን እናያለን። ትናንት ልጄ ስልክ ላይ ማስታወቂያ መጣ፤ አንዲት ወጣት ሳሙና ይዛ ትስቃለች። የልጄ ጣት ሊያሳልፋት ሲል እጇን ያዝኋት።

«ምነው እማዬ፣ ታውቂያታለሽ እንዴ?»

«አላውቃትም» አልኋት። እሷም አሳለፈቻት።