መስታወት ያዥ

ሲኒማ ራስ አጠገብ በአንድ ሞባይል መጠገኛ ደጃፍ ሳልፍ የቀለጠ እርሳስ ሸተተኝና ክንዴ የዛለ መሰለኝ።

በደርግ ጊዜ አባቴ እዚያው ሰፈር ቴሌቪዥን ይጠግን ነበር። ከኋላ ከፍቶ ሲሠራ ምስሉ እንዲታየው እኔ ከፊት ትልቅ መስታወት ይዤ እቆማለሁ። ታናሽ ወንድሜ ግን አጠገቡ ካቻቢቴ ጨብጦ ይማራል። እኔንም እንዲያስተምረኝ ስንት ጊዜ ለምኜዋለሁ።

አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር የቀበሌውን ቴሌቪዥን ሊወስድ መጣ። ወንድሜ የገጠመው ነበርና ሲበራ ምስሉ ተዘቅዝቆ፣ ወታደሮች በራሳቸው ቆመው ይሰለፋሉ።

“ጋሼ፣ አብዮቱን ገለበጡት እንዴ?” አለ ሰውዬው ሳይስቅ። አባቴ ላብ በላብ ሆነ።

“አባዬ፣ ሁለቱን ሽቦ አቀያይሮ አስሮታል” አልኩ።

“ዝም በይ! መስታወት አፍ የለውም!”

ሽቦዎቹን ግን አቀያየራቸው፤ ሰልፈኞቹ በእግራቸው ቆሙ። ከዚያ የወንድሜን ራስ እያሻሸ “ይኸው፣ ልጄ አገኘው” አለ። ስናገር በጆሮው የሰማው ሊቀመንበርም የወንድሜን እጅ ጨበጠ።

ሱቁም ሙያውም ለወንድሜ ሆነ። ዛሬም ሰው “የአባቱን እጅ ነው የወረሰው” ሲለው አጠገቡ ተቀምጬ እሰማለሁ። ወደ እኔ ዞር ብሎ አያውቅም፤ እኔም የሽቦዎቹን ነገር አንስቼበት አላውቅም።