የደምለው አገጭ

እልፍነሽ ሸሕዲ ከተማ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ነበረች። እግዜር አገጯን ሲሠራ ጭቃ አልሰሰተም። ተማሪዎቿ ከጀርባዋ «አካፋ» ይሏታል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እሷን ግን የቸገረውም ዞር ብሎ አላያት። ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው፤ በዚያ የቆላ ሙቀት እንኳ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳትከናነብ ከቤት አትወጣም።

በ1972 ክረምት ጥርሷን አሟት ጎንደር ሄደች። አንድ የውጭ አገር ሐኪም አገጯን ዳበሰና፣ «አጥንቱ ተቆርጦ ማጠር ይችላል። ጥቅምት ላይ አገሬ እገባለሁ፤ ከፈለግሽ በመስቀል ማግሥት ነይ» አላት። አውቶቡስ ላይ ለብቻዋ እየሳቀች ተመለሰች።

እናቷ ወይዘሮ ባየሽ ሲሰሙ፣ «ያምማል ወይ?» አሉ።

«ያደነዝዙኛል እናቴ፤ አይሰማኝም።»

አባቷ አቶ ደምለው ከሦስት ዓመት በፊት፣ በግርግሩ ጊዜ፣ ወደ ሱዳን ተሻግረው ቀርተዋል። ፎቶግራፋቸውን ሁሉ ባየሽ በአሰሳው ሰሞን ምድጃ ውስጥ ከተውታል። ምን ያድርጉ፤ የሸፈተ ሰው ፎቶ ቤት ውስጥ ቢገኝ ያስገድል ነበር።

ለመስቀል ሁለት ቀን ሲቀረው ሽማግሌዎች ማለዳ በር አንኳኩ። መርዶ ነው። ደምለው ገዳሪፍ ላይ በወባ ሞተው እዚያው ተቀብረዋል።

አስከሬን በሌለበት ለቅሶ የሟች ልብስና ፎቶ መሐል ይቀመጣል፤ አልቃሽም እሱን እያየች ሙሾ ታወርዳለች። ከደምለው የተረፈው አንድ አሮጌ ኮት ብቻ ነበር። ባየሽ ኮቱን አዩት፣ ኮቱ ሰው አልሆንላቸው አለ። ተነሡና ልጃቸውን እጇን ይዘው መሐል አቆሟት፤ ነጠላዋንም ከፊቷ ላይ ገፈፉት።

«ይኸው ደምለው» አሉ። «እሱን አይታችሁ አልቅሱ።»

ዳሱ በጩኸት ተናጋ። ያን ሁሉ ዘመን የሸሸገችውን አገጭ አገር ምድሩ እያየ ደረቱን ደቃ። እልፍነሽም አለቀሰች፤ ለአባቷ ይሁን ለራሷ ግን አልለይላት አለ።

በመስቀል ማግሥት ባየሽ ራሳቸው ስንቅ ቋጠሩላት። «ሂጂ ልጄ። ዕድሜሽ እየሄደ ነው፤ እኔ አልከለክልሽም» አሉ። ከዚያ ጠጋ ብለው አገጯን በሁለት እጃቸው ያዙት። ከመተማ የመጣው አውቶቡስ መንገዱ ላይ ጥሩምባውን ደጋግሞ ነፋ። እልፍነሽ «ይልቀቁኝ» ማለት አቃታት። አውቶቡሱ ሄደ።

ሐኪሙ እንዳለው ጥቅምት ላይ አገሩ ገባ። ከዚያ ወዲህ ባየሽ ከልጃቸው ጋር ሲያወሩ ዓይኗን አያዩም፤ የሚያዩት አገጯን ነው።