ዳገት ላይ የሚንኳኳው ሞተር

ታክሲው ዳገቱ ላይ መንኳኳት ሲጀምር ሹፌሩ አፍሮ ሬዲዮውን ከፍ አደረገ። መካኒኮች ሞተሩ አልቆለታል ስላሉት ነገ ሊሸጠው ነው።

"ዳር ያዝና አጥፋው፣ ልጄ!" አሉ ከኋላ የተቀመጡት ባለ ሹራብ እናት። ጥፍራቸው ሥር ግራሶ አለ። ከቦርሳቸው በመሐረብ የተጠቀለለ መፍቻ አወጡ።

"ሞተርህማ ደህና ነው። ቤንዚኑን አጥብቆ ይጨምቃል፤ አንተ ደግሞ ኦክቴኑ ዝቅ ያለውን፣ ርካሹን ቤንዚን ታጠጣዋለህ፤ ቤንዚኑ ጭመቃውን አልችል ብሎ ያለጊዜው ይፈነዳል፤ የሚንኳኳው እሱ ነው።"

ወርደው ኮፈኑን አስከፈቱና ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቡተር አላልተው ፀጉር ታህል ወደ ኋላ አዞሩት። "የካንዴላው እሳት ትንሽ ይዘግይለት። ከዛሬ ጀምሮ የተሻለውን ቤንዚን ቅዳ።"

ዳገቱን ሽቅብ በረሩት፤ ኳ የሚል ነገር የለም!

"እማማ! ማን አስተማረዎት?" ሹፌሩ በደስታ ጮኸ።

"ባለቤቴ መካኒክ ነበር። ጆሮው ከደነቆረ በኋላ ሃያ ዓመት ሞተሩን የሰማሁለት እኔ ነኝ። በል አሁን ሬዲዮውን ዝጋው፣ ሞተሩን ልስማው!"