አሥራ ሁለቱ ቃላትና ተራቸው

ያ ሰው ሊሰርቀኝ ነበር ወይስ ሊያድነኝ? እስከ ዛሬ አላውቅም። አንሶላ ሳጥፍ ይመጣብኛል፣ ባቡር ስጠብቅ ይመጣብኛል፣ ቅዳሴ ቆሜ እንኳ ይመጣብኛል። ሀገር ቤት ያላችሁትም፣ እንደ እኔ በሰው ሀገር የምትንከራተቱትም፣ መልሱን የምታውቁ ብትኖሩ ንገሩኝ። ከመፍረዳችሁ በፊት ግን ከመነሻው ስሙኝ።

ከደብረ ማርቆስ የወጣሁት ገና ሳይነጋ፣ በባሕር ዳሩ አውቶቡስ ነው። ታላቅ ወንድሜ ሊሸኙኝ ከደብረ ወርቅ መጥተው አድረው ነበር። በዕድሜ በጣም ስለሚበልጡኝ፣ መሪጌታም ስለሆኑ፣ «ጋሼ» እያልኩ አንቱ ነው የምላቸው። ደብረ ወርቅ ላይ ቅኔ ያስተምራሉ፤ እናታችንም ከእሳቸው ጋር ትኖራለች። የአሥረኛ ክፍል ካርዴን በፕላስቲክ ጠቅልዬ በቀሚሴ ገበር ውስጥ ስሰፋ አይተው፣ «የሻረግ፣ ለወረቀቱ ምን አስጨነቀሽ? ትምህርቱ ያለው አንቺ ውስጥ አይደለም እንዴ?» አሉኝ። ለእሳቸው ቀላል ነው። እኔ አንደኛ ክፍል የገባሁት አግብቼ ከፈታሁ በኋላ ነው፤ ወገቤ የማይደርሱ ልጆች «እማማ፣ እርሳስ ያውሱኝ» እያሉ እየሳቁብኝ ነው የተማርኩት። ከዚያ ወዲህ ያላነበብኩትን የማልፈርም፣ ያልገባኝን ደጋግሜ የምጠይቅ ሴት ሆንኩ። ያቺን ካርድ መተው አልቻልኩም።

መተማን አለፍን፤ ካርቱም ቆየሁ፤ ከዚያ በረሃ፣ ከዚያ ሊቢያ። ሊቢያ ላይ አንዱ ደላላ ቀሚሴን ተርትሮ ካርዴን አወጣና፣ ገለጥ ገለጥ አድርጎ አይቶ፣ ሲጋራውን ለኮሰበት። ስለ ሊቢያ ከዚህ በላይ አልጽፍም። አንድ ነገር ብቻ እናገራለሁ፤ ታናሽ እህቴ ጥሩዬ በዚያ በር እንዳታልፍ የማላደርገው ነገር አልነበረም።

ባሕሩ ሳይበላኝ ቀርቶ ጀርመን ደረስኩ። አንዲት ትንሽ ከተማ ዳር ሃይም ውስጥ አስገቡኝ፤ ሃይም የሚሉት የስደተኛ ማደሪያውን ነው። ዳቦው ጥቁር፣ ኮምጣጣ፣ በቢላ የሚታገሉት ነው። ብርዱን «ከጮቄ ተራራ ግርጌ ላደገ ሰው ምን ይሆናል?» ብዬ ንቄው ነበር፤ የእኛ ብርድ ግን ፀሐይ ስትወጣ ያፍራል፤ የዚህኛውን ፀሐይም አታሳፍረው። ሰዉ ሰላም ይልሻል፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለሽ ሳትጨርሺ ጥግ ታጥፏል።

ሥራ ሲፈቀድልኝ ሆቴል ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ገባሁ። የመጀመሪያውን ደሞዜን ፍራሽ ሥር አድርጌ ሄጄ ስመለስ ፍራሹ ተገልብጦ አገኘሁት። ለሃይሙ ኃላፊ አመለከትኩ።

«ገንዘብ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ አይመከርም» አለኝ።

«የት ላስቀምጠው?»

«ባንክ ነዋ!»

ባንክ ሄድኩ። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ ተቀበለችኝ።

«ፓስፖርት?»

«ባሕር ውስጥ ነው።»

«እንግዲያው ሲደርስዎት ተመልሰው ይምጡ።»

«ምኑ ሲደርሰኝ?»

«ፓስፖርቱ።»

አልቀለደችም። የምሬን ነበር የነገርኳት፣ የምሯን ነበር የመለሰችልኝ።

በዚህ መሐል ጥሩዬ የእኔን ዱካ ተከትላ ካርቱም ገባች። ስልኩን ይዤ አለቀስኩባት። «እሺ፣ በሊቢያ አልሄድም፤ ግን እዚህም አልቀርም፣ መላ ምቺልኝ» አለችኝ። መላው ተገኘ፤ ቱርክ ያለ አንድ ኮሌጅ ተቀበላት፤ የሚቀረው የትምህርቱ ክፍያና የአውሮፕላን ትኬት ነው። ግን ባንክ በሌለው ሰው እጅ፣ ያውም በዚያን ጊዜ ወደ ሱዳን፣ ገንዘብ እንዴት ይሻገራል? መሻገሪያውን ያሳየኝ ቅመማ ቅመምና በርበሬ የሚሸጥ ሀብቶም የሚባል የኤርትራ ሰው ነው። «ሓፍተይ፣ ገንዘቡን በጥሬው ስጪኝ፤ እኔ በስልክሽ ቢትኮይን የሚሉትን የኢንተርኔት ገንዘብ እልክልሻለሁ። ካርቱም ያለ የእኔ ሰው ከአንቺ ተቀብሎ ለእህትሽ በእጇ ይሰጣታል» አለኝ። «ብቻ መጀመሪያ ዋሌት ምረጪ።»

ዋሌት ቦርሳ ማለት ነው፤ ግን ቦርሳው ውስጥ ገንዘብ የለም፣ ያለው ቁልፍ ነው። ይህን ለመረዳት የከተማውን ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ብዙ ቅዳሜ አስቸግሬዋለሁ። ጀማሪ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ የገባኝን ልንገራችሁ። አንደኛው ዓይነት ገንዘባችሁንም ቁልፋችሁንም ኩባንያ የሚይዝላችሁ ነው። ይመቻል፤ የይለፍ ቃል ብትረሱ ያስታውሷችኋል። ነገር ግን ኩባንያው የወደቀ ቀን አብራችሁ ትወድቃላችሁ፤ ደግሞም እነሱም ፓስፖርት ይላሉ። ሁለተኛው እንደ ፍላሽ ያለች ትንሽ ዕቃ ናት፤ ቁልፉ እሷ ውስጥ ይቀመጣል፣ ከኢንተርኔት ሌባ የራቀ ነው። ግን ውድ ናት፤ በፖስታ ነው የምትመጣው፤ በእኛ ሃይም ደግሞ ፖስታ ከባለቤቱ በፊት ሌላ ሰው ይደርሰዋል። ሦስተኛው ስልክ ላይ የሚጫን ነው። ነፃ ነው፣ ማንነት አይጠይቅም፣ ቁልፉም በራሳችሁ እጅ ነው። ስትከፍቱት አሥራ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ይሰጣችኋል። ስልኩ ቢጠፋ እነዚያን ቃላት ሌላ ስልክ ላይ ስታስገቡ ገንዘባችሁ ይመለሳል። ቃላቱን ያወቀ ሌላ ሰው ግን ሁሉን ይዞ ይሄዳል፤ የሚከሰስ የለም፣ የሚለመን የለም። ያነበብኩት ሁሉ አንድ ቃል ነበር፦ ለማንም አትስጡ።

ሦስተኛውን መረጥኩ። ዛሬም ቢሆን ምርጫው ስሕተት ነበር አልልም። ስሕተቱ አጠባበቁ ላይ ነው።

«ወረቀት ላይ ጻፉና ደብቁ» ይላል መመሪያው። ወረቀት! ካርዴን ሲጋራ ሲለኮስበት ያየሁ ሰው፣ ፍራሼ የተገለበጠብኝ ሰው፣ ወረቀት ላምን? እኔ የማውቀው የተሻለ መደበቂያ ነበረኝ። ጋሼ ስንቱን ቅኔ፣ ስንቱን ድርሳን በቃላቸው ይዘው የለም እንዴ? መጽሐፉ ቢቃጠል ከልባቸው ያጽፉታል የሚባሉ ሰው ናቸው። ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ አሥራ ሁለት የፈረንጅ ቃላት ይያዙልኝ። የእኔና የጥሩዬ አደራ ነው። ለማንም አይንገሩ፤ አንድም እንዳይጎድል።»

«አስማት እንዳይሆን ብቻ» አሉኝ እየሳቁ።

«ቁልፍ ነው ጋሼ።»

«በይ ወዲህ በይው።»

አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ ሳይውል ሳያድር እንደነገርኳቸው መለሱልኝ። ለጊዜው የጻፍኩበትን ወረቀት እየተከታተልኩ አንድም ሳይዛነፍ አገኘሁት። ከዚያ ቀዳድጄ ጣልኩት። ከጥቂት ወራት በኋላም ለማረጋገጥ ጠየቅኋቸው፤ አሥራ ሁለቱንም እንደ ውኃ አወረዱልኝ። ደስ አለኝ። በእጄ የማስተያይበት ወረቀት አልነበረም።

ደሞዜን በየወሩ ለሀብቶም እየሰጠሁ የጥሩዬ ክፍያ ዋሌቱ ውስጥ በሞላ ሰሞን፣ ስልኬ በማጠቢያው ማሽን ሞተ። ከሽርጤ ኪስ ወድቆ ከአንሶላ ጋር ገብቶ፣ በመስታወቱ በኩል ሲሽከረከር አየሁት፤ ማሽኑ ውኃውን ሳይጨርስ በሩን አይከፍትም። ብዙም አልደነገጥኩም። አሮጌ ስልክ ገዛሁ፣ ዋሌቱን ጫንኩ፣ ጋሼ ጋ ደወልኩ፣ የነገሩኝን በሙሉ አስገባሁ። ቀይ ጽሑፍ መጣ፤ ትክክል አይደለም ይላል። እንደገና አስገባሁ። ያው ነው።

«ጋሼ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ።»

ደገሙልኝ። ያን ጊዜ ነው ጆሮዬ የነቃው። «ሪቨር፣ ዊንተር፣ ላደር» ብለው አዜሙና ትንፋሽ ወስደው ወደሚቀጥለው ገቡ። ሦስቱ ጎን ለጎን እንዳልነበሩ አውቃለሁ።

«ጋሼ፣ እንዲህ ነበር እንዴ ተራው?»

«ኧረ አልነበረም! እንዳመጣሽው አልያዝ ብሎ አስቸገረኝ፤ ትርጉሙን አላውቅ፣ በምን ላስረው? ቤት የሚመታውን ከቤቱ ጋር አደረግሁትና በዜማ ያዝኩት። ከዚያ ወዲያ ሞት ካልሆነ አይወጣም» አሉ፤ ደስታቸው በስልኩ ይሰማኛል።

«የመጀመሪያው ተራ ትዝ ይልዎታል?»

«ያንንማ ጣልኩት። ሁለቱን አንድ ላይ ብይዝ አንዱ አንዱን ያበላሸዋል። ምነው፣ የጎደለ አለ?»

«የለም።»

«ተራው ለውጥ አለው እንዴ?»

በስተኋላቸው የተማሪዎቻቸው ድምፅ ይሰማል። ከቃሉ አንዱን አልጣሉም፤ አደራውን ከእኔ በላይ ጠብቀዋል። «አንድም እንዳይጎድል» አልኳቸው እንጂ «ተራው እንዳይዛነፍ» አላልኳቸውም፤ ለእኔ ያልተባለም የተባለ ነበር፣ ለእሳቸው ግን አሥራ ሁለት ስም ተሟልቶ ከተገኘ ተሟልቷል።

«የለውም ጋሼ» አልኳቸው።

ከዚያ በየቀኑ ከሥራ ስወጣ ወጥ ቤቱ አጠገብ ተቀምጬ ቃላቱን እያቀያየርኩ እሞክር ጀመር። የማስታውሰው የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ነበር።

ሄር ክላውስን ያገኘሁት በዚህ ጊዜ ነው። ሄር «አቶ» ማለት ነው። ጡረታ የወጣ፣ ሻዩን በራሱ ፔርሙስ ይዞ የሚመጣ፣ ረቡዕ ረቡዕ ጀርመንኛ በነፃ የሚያስተምረን ሽማግሌ ነው። ዕድሜውን የፈጀው በኮምፒውተር ሥራ ነው። የሆነውን ነገርኩት፤ ቃላቱን ግን አልነገርኩትም።

«በእጅሽ ከሆነ ዕድሜሽን ሙሉ ብትሞክሪ አይበቃሽም» አለኝ። «ኮምፒውተር ግን ይችላል። ቤቴ ያለው ይበቃል። ቃላቱን ስጪኝ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«ገንዘቡን ቢወስዱትስ?»

ሻዩን ጠጣ። «እንግዲያው ሌባ መሆኔን ታውቂያለሽ።»

«እርስዎ በእኔ ቦታ ቢሆኑ ይሰጣሉ?»

አሰበበት፤ የእኔ ዓይነት ሰው ነው፣ ዝም ብሎ አይመልስም። «አልሰጥም» አለኝ።

ለመሆኑ ሌባ እንዲህ ይላል? ወይስ እንዲህ የሚለው ሌባ ብቻ ነው? «ላስብበት» ብዬው ወጣሁ። ያነበብኩት ሁሉ ለማንም አትስጪ ይላል፤ እኔ ደግሞ ያነበብኩትን የማልጥስ ሴት ነኝ።

ጥሩዬ በዚያው ሰሞን ደወለች።

«ኮሌጁ ቦታውን ለሌላ ሊሰጥብኝ ነው። መቼ ነው የምትልኪው?»

«ትንሽ ታገሺኝ እታለም።»

«ምን ልታገሥ? አለኝ ብለሽኝ አልነበረም?»

«አለኝ። መንገዱ ትንሽ ተበላሽቶብኝ ነው።»

«የምን መንገድ? በስልክ ነው የሚሄደው ብለሽኝ!» ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። «የሻረግ፣ ፈረንጅ ሆንሽ አይደል? ሀብታም የሆነ ሰው ሁልጊዜ መንገዱ ይበላሽበታል።»

እውነቱን ብነግራት ወዲያው ጋሼ ጋ ትደውላለች፤ አፏ ደግሞ አይምርም። ስለዚህ ስድቧን ተቀበልኩ።

በሚቀጥለው ረቡዕ ቃላቱን ለሄር ክላውስ ልሰጥ ቆርጬ ሄድኩ። ክፍሉ ተቆልፏል። ጽሕፈት ቤት ያለችውን ሴት ጠየቅሁ።

«ሄር ክላውስ ማስተማር አቁመዋል።»

«ታመው ነው?»

«መናገር አንችልም። ዳተንሹትስ» አለችኝ፤ የሰውን መረጃ መጠበቅ ማለት ነው።

«ስልካቸውን ብቻ ስጪኝ፤ የእህቴ ሕይወት ነው።»

«ይገባኛል» አለች፣ በጣም ያዘነች ትመስላለች። «ግን ዳተንሹትስ ነው።»

ለካ ለማንም አለመስጠት የእኔ ሕግ ብቻ አልነበረም።

ሌላ ሰው ፈለግሁ። ሀብቶም አንድ ወጣት አገናኘኝ፤ ገና ስሜን ሳይጠይቅ «ቃላቱን በቴሌግራም ላኪልኝ» አለኝ። አልላክሁም። እሱን ስፈትሽ፣ ሌላውን ሳጣራ፣ የጥሩዬ መልእክት መጣ፦ «ነገ እንነሳለን። አትደውዪ፣ ስልኬን ሸጬዋለሁ። የአንቺን መንገድ ነው የምሄደው፤ አንቺ ደርሰሽ የለም?»

ደወልኩ። አይነሳም። ከዚያ ወዲህ ከሊቢያ አንድም ድምፅ የለም። በዚያ በር ያለፈን ሰው ሁሉ ጠየቅሁ፣ ፎቶዋን ላክሁ፣ የቆሰሉትን፣ የተያዙትን፣ ባሕር የተፋቸውን አየሁ። የለችም።

ሀገር ቤት «ደህና ናት፣ ኔትወርክ ነው» እያልኩ ቆየሁ። ብዙ ጊዜ ቆየሁ። እናታችን ለጥሩዬ ስለት ተሳለች፤ ጋሼም በደወልኩ ቁጥር፣ ከሰላምታው ቀጥለው፣ «ቁልፉ ከእኔ ዘንድ ደህና ነው» ይሉኛል።

የትንሣኤ ማግሥት እሳቸው ደወሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻቸው በማላውቀው አኳኋን ቃል እየፈለጉ ተናገሩ።

«የሻረግ፣ እዚህ አንድ ልጅ ከሊቢያ ተመልሶ መጣ። ጥሩዬን እዚያ አየኋት ይላል፤ ከዚያ ወዲህ ግን… አንቺ ደህና ናት ትያለሽ። የማንን ልመን?»

ያን ጊዜ ነገርኳቸው። ስለ ኮሌጁ፣ ስለ ማሽኑ፣ ስለ ሽማግሌው፣ ስለ መጨረሻው መልእክት። ስለ ተራው ለመናገር ስደርስ ዘለልኩት፤ እሳቸው ግን አልዘለሉትም።

«ቃላቱን ሰጥቼሽ ነበር እኮ። ለምን አልከፈተም?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩት።

«ተራው ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ለውጥ አለው ወይ ብዬ ጠይቄሽ ነበር።»

«ጠይቀውኛል።»

«የለውም አልሽኝ።»

«ብያለሁ።»

ስልኩ አልተዘጋም፤ ነፋስ ይሰማል፣ የሆነ ዕቃ የወደቀ ይመስላል፣ የሩጫ ኮቴ። ቆይቶ የእናቴ ድምፅ መጣ፤ ስልኩን ከእጃቸው አንሥታ ነው።

«ማነው? የሻረግ ነሽ? ልጄ፣ ወንድምሽን ምን አልሽው? መሬት ላይ ተቀመጠብኝ እኮ!»