ለቮልሷ የቆረጥኩት ቆርቆሮ

የባሌ ወንድም ቮልሷን ያዳናት እሱ እንደሆነ ለዘመድ ሁሉ ሲያወራ ነበር። ዝም ያልኩት አክብሬው አይደለም፤ አጋጣሚ እየጠበቅኩ ነበር።

ባለቤቴ ሲሞት ነጭ ቮልስ ትቶልኝ ነበር። የሰፋሁትን የተማሪ ልብስ ቃላሚኖ ትምህርት ቤት ድረስ የማደርሰው በእሷ ነው። ሞተሯ ሲቃጠል፣ ሓድነት ሰፈር ውስጥ ጋራዥ ያለው ወንድሙ ከአንድ አሮጌ ሚኒባስ የወጣ ሞተር ገጠመላት። ከዚያ በዘመድ ፊት ቃል አስገባኝ።

«ሰበይቲ ሓወይ» አለኝ፤ የወንድሜ ሚስት ማለቱ ነው። «እሑድ የኲሓን ዳገት ሳትቆም ከወጣች ያንቺ ናት። ካልወጣች ለእኔ ትተዪና የስፌት መኪናሽን ትነጃለሽ።»

ዘመድ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ማን እንደሳቀ ግን አንድ በአንድ ይዤዋለሁ።

ማክሰኞ ብቻዬን ሞከርኳት። ዳገቱን ሳታጋምስ የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ፤ አቁሜ እስክትበርድ ጠበቅኩና ተመለስኩ። ቤት ስደርስ የኋላ ክዳኗን ከፈትኩ። በሞተሩና በመኪናው አካል መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። ክፍተቱን ይደፍኑ የነበሩት ቆርቆሮዎች ለአዲሱ ሞተር ስላልገጠሙ ወንድምዬው ጥሏቸዋል። «ሞተሩ ይተንፍስ ብዬ ነው» ብሎኝ ነበር።

የቮልስ ሞተር ውሃ የለውም፤ የሚያበርደው ነፋስ ብቻ ነው። እኔ መካኒክ አይደለሁም። ግን በክፍተቱ ዙሪያ ቁራጭ ክሮች በማጣበቂያ ለጠፍኩና ሞተሩን አስነሳሁት። ክሮቹ ሁሉ ወደ ላይ ቆሙ። መዳፌን ብዘረጋ ከሥር የሚመጣው አየር ይፋጃል። ማራገቢያው ያን የጋለ አየር መልሶ እየሳበ ነው! ልብስ ቢሆን ጎኑ ሳይሰፋ የተለበሰ ማለት ነው።

ካርቶን ይዤ መኪናዋ ሥር ተኛሁና የክፍተቱን ልክ አወጣሁ። ለማጠፊያ ሁለት ጣት አትርፌ፣ ምልክት አድርጌ፣ ከሰል ምድጃ ለሚሠራ አንድ ወሎዬ ቆርቆሮ ሠሪ ወሰድኩለት።

«እትዬ፣ ቆርቆሮም ጠርዙ ይታጠፋል እንደ ቀሚስ?»

«አንተ እጠፈው ብቻ።»

አጠፈው። መኪናዋ ላይ ብናስጠጋው የግራው ቀኝ፣ የቀኙ ግራ ሆኖ አረፈ። ተኝቼ ከሥር ስለለካሁ ምልክቱን በተሳሳተው ፊት ላይ አድርጌዋለሁ።

«ይቺ እንኳ በመስታወት ውስጥ ላለችው መኪና ትሆናለች» አለ ሰውዬው። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። በወጣትነቴ ለአንድ ሙሽራ ሁለት የግራ እጅጌ ሰፍቼ አውቃለሁ። ካርቶኑን ገልብጬ በሌላኛው ፊት ምልክት አደረግኩ፤ ሁለተኛው ልክክ አለ። ጠርዙን ካረጀ የጎማ ከመነዳሪ በተቆረጠ ላስቲክ ዘጋነው። ሞተሩን ሳስነሳው ክሮቹ ንቅንቅ አላሉም።

እሑድ ወንድምዬው ጎኔ ተቀመጠ። እጁን የበሩ መክፈቻ ላይ አድርጓል፤ ስትቆም ሊወርድ። ማክሰኞ የቆምኩበትን ቦታ ስናልፍ ዞር ብሎ ወደ ሞተሩ አየ። ዳገቱን ጨርሰን ኲሓ ስንደርስ ወርዶ ክዳኑን ከፈተ።

«ማን ሠራልሽ?»

«እየተነፈሰ ነው» አልኩት።

ማታውን ለዘመድ ሁሉ ራሱ እንዳስተካከለው አወራ። ቮልሷ ስለቀረችልኝ አልተከራከርኩም። ብዙም ሳይቆይ ጋራዡ ሌላ ቮልስ ሲገባለት፣ ቆርቆሮ ሠሪው ስለ ካርቶኑ ነግሮት ኖሮ አውሺኝ ብሎ መጣ። ሰጠሁት። በሁለቱም ፊት ምልክት አለበት፤ የትኛው ፊት ወደ ላይ እንደሚሆን አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።

በሦስተኛው ቀን የታጠፈውን ቆርቆሮና ካርቶኑን ይዞ ደጄ ላይ ቆመ። ያን ማታ ወሬውን ከሰሙት አንዷ እህቱ እኔ ዘንድ ቀሚስ ልትለካ መጥታ ነበር።

«አልገጠመም» አለ።

«ያንተ ሥራ አይደል እንዴ? እንዴት አይገጥምም?»

«የኔ ሳይሆን... አንቺ የቆረጥሽው ነው እንጂ!»

እህቱ ቀና ብላ አየችው። ካርቶኑን ከእጁ ተቀበልኩና ገልብጬ መለስኩለት።